ማንኪያው ይክበድ፦ ለከሳና ምግብ ለሚመርጥ ልጅ የአመጋገብ መመሪያ

ቀጠን ያለ ልጅ ይዞ ለቅሶ ቤትም ሆነ ክርስትና የሄደ ወላጅ «ምነው ከሳ? ምን እያበላችሁት ነው?» የሚል ጠያቂ አያጣም። ጠያቂው ደግሞ መድኃኒቱንም አብሮ ያዛል፤ አንዱ የአጃ አጥሚት፣ አንዱ የቅልጥም ሾርባ፣ ሌላው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ የምግብ ፍላጎት ሽሮፕ። የሁሉም ምክር መድረሻ «ብዙ አብሉት» ነው። ችግሩ ልጁ ብዙ መብላት አለመቻሉ ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ሆድ ትንሽ ነው፤ መራጭ ከሆነ ደግሞ አምስት ስድስት ጊዜ ጎርሶ ፊቱን ያዞራል። ስለዚህ እነዚያኑ አምስት ጉርሻዎች ማክበድ ይሻላል፤ ቅቤ፣ ዘይት፣ እንቁላል፣ አቮካዶ፣ የተፈጨ ለውዝ በዚያው መጠን ውስጥ ይግባ። ሽሮፑ ሐኪም ካላዘዘው በቀር ይቅር።

ከዚህ በታች ያለው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ሌላ ምግብ አያስፈልገውም። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መቀጠሉ መልካም ነው።

1. መጀመሪያ ሚዛን

ዓይን ይዋሻል። ድንቡሽቡሽ ያለ የጎረቤት ልጅ አጠገብ ሲቆም ጤነኛውም የከሳ ይመስላል። የክትባት ካርዱን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱና ክብደቱንና ቁመቱን አስለኩ፤ ውጤቱም በእድገት መከታተያው ሰንጠረዥ ላይ ይመዝገብ። አንድ ነጥብ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ መታየት ያለበት መስመሩ ነው። ከልደቱ ጀምሮ በታችኛው መስመር አካባቢ ሆኖ መስመሩን ሳይለቅ የሚያድግ፣ የሚሮጥና የሚጫወት ልጅ ቅጥነቱን ከአባቱ ወርሶት ይሆናል። መስመሩ ወራት ሙሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ከቆየ ወይም ካቆለቆለ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

የክንድ ዙሪያ መለኪያም አለ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ የላይኛው ክንድ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት አለ ማለት ነው፤ ከ11.5 በታች ከሆነ እጥረቱ ጽኑ ስለሆነ በቤት ውስጥ ገንፎ የሚመለስ አይደለም፤ ሕክምና ያስፈልጋል። በለውዝ የሚዘጋጀው ፕላምፒ ነት የሚታዘዘው ለዚህ ነው። መድኃኒት ስለሆነ ለመራጭ ልጅ እንደ ጣፋጭ ተገዝቶ አይሰጥም።

ሁለቱም እግሮች ካበጡ በዚያው ዕለት ሐኪም ይያቸው። ተቅማጥ የማይለቀው፣ ቶሎ ቶሎ የሚያስመልሰው፣ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያስለው ወይም የሚያተኩሰው፣ ጠንከር ያለ ምግብ ሲቀርብለት ሁልጊዜ የሚያንቀው ልጅም መጀመሪያ ይመርመር። አፈር ወይም የግድግዳ ኖራ የሚበላ ልጅ ብዙ ጊዜ ብረት ያንሰዋል፤ ደሙ ይታይ። ዕድሜው ሁለት ዓመት ከሞላ የሆድ ትል መድኃኒቱን፣ ከስድስት ወር ጀምሮ ደግሞ በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ መውሰዱን አብራችሁ ጠይቁ።

2. ሆዱን የሚሞላውን ማወቅ

«ምንም አይበላም» የሚባል ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ይቀማምሳል። ለሦስት ቀን ያህል ወደ አፉ የገባውን ሁሉ ጻፉ፤ ብስኩቷን፣ የታሸገውን ጭማቂ፣ ቡና ሲፈላ የተሰጠችውን ቁራሽ ዳቦ፣ ሌሊት የተጠባውን ጡጦ ሁሉ። ወረቀቱ ራሱ መልሱን ይናገራል።

ትልቁ ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ ወተት ነው፤ ይህን ስል የሚቀየሙኝ አያቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ልጅ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ሲጠጣ ለሌላ ምግብ ቦታ አይኖረውም። ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በወተት ብቻ የሚኖር ልጅ ደም ያንሰዋል፤ ደም ያነሰው ልጅ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ ይበልጥ ይዘጋል። ጡጦውን በኩባያ ለውጡ። ሻይ ከነጭራሹ ይቅር፤ ሆድ ከመሙላቱ ሌላ ከምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። ለስላሳና የታሸገ ጭማቂም እንዲሁ።

ከዚያ ሰዓት አብጁ። ቁርስ ጠዋት 1 ሰዓት፣ መክሰስ 4 ሰዓት ላይ፣ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል፣ መክሰስ 9 ሰዓት ተኩል፣ እራት ምሽት 12 ሰዓት ተኩል፣ ከመኝታ በፊት አንድ ኩባያ ወተት። በመሀሉ ውኃ ብቻ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶ አያጡም። ልጁ በመክሰስና በምሳ መካከል ሲርበው ግን ምሳውን በሌላ ዓይን ማየት ይጀምራል።

3. ማንኪያውን ማክበድ

አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስኳር ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ ይሰጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም የተነጠረ ቅቤ 40 ካሎሪ ገደማ አለው። ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ያለ ልጅ በቀን የሚያስፈልገው ከ1000 እስከ 1400 ካሎሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በአምስቱ ማዕድ ላይ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ብትጨምሩ 200 ካሎሪ ገባ ማለት ነው። ልጁ አንዲት ጉርሻ እንኳ አልጨመረም። ዘይት ተወደደ ብላችሁ ልጁ ሳህን ላይ አትቆጥቡ፤ ለሚሰጠው ጉልበት ከሥጋ ይልቅ እጅግ ይረክሳል።

ገንፎ። አንድ ብርጭቆ ውኃና አንድ ብርጭቆ ወተት ቀላቅላችሁ ቁንጣሪ ጨው ጨምሩና አፍሉ። ሲንተከተክ ጥቂት ፈሳሽ በሌላ ዕቃ ቀንሳችሁ አስቀምጡ። ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ የማይሞላ፣ ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ አማስሉ፤ ሲጠጥር የቀነሳችሁትን መልሱለት። እሳቱን ቀንሳችሁ እየከደናችሁና እያገላበጣችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብስሉት። ምላስ ላይ ዱቄት ዱቄት ካለ አልበሰለም። ሊወርድ ሲል አንድ የተመታ እንቁላል ጨምራችሁ በፍጥነት አማስሉትና እስኪበስል ጥቂት አቆዩት። ቅቤው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ለአዋቂ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፤ ልጅ ግን ዳር ዳሩን በልቶ ይጠግብና ቅቤው ከነጉድጓዱ ይቀራል። ስለዚህ ለልጅ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቅቤውን በድስቱ ውስጥ ከገንፎው ጋር አዋህዱት። በበርበሬው ፋንታ ከጎኑ እርጎ አቅርቡለት፤ ማጥቀስ የማይወድ ልጅ የለም።

የቡላ ገንፎም ለስላሳ ስለሆነ ማኘክ የሚሰለቻቸው ልጆች ይወዱታል። ቡላ ግን ከሞላ ጎደል ስታርች ብቻ ነው፤ ፕሮቲኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በውኃ ብቻ ከተሠራ ልጁን አጥግቦ ባዶ ያስቀረዋል። በወተት ይሠራ ወይም ከእንቁላል ጋር ይቅረብ።

ጭኮ። ለመክሰስ ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። አራት የሾርባ ማንኪያ በሶ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ለጋ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማርና ጥቂት ጨው አንድ ላይ አሹት። ደረቅ ዱቄት እንዳይቀር በደንብ ይታሽ፤ ደረቅ በሶ ልጅን ትን ያስብላል። ካልተያያዘ ቅቤ ጨምሩ። ስድስት ትንንሽ ድቡልቡሎች ይወጡታል፤ አንዷ 60 ካሎሪ ገደማ ትሆናለች። እጁን ዘይት ዘይት ያደርገዋል፤ ልብሱንም እንዲሁ፤ ቻሉት።

ፍርፍር። ለመራጭ ልጅ ድርቆሽ ከትኩስ እንጀራ ይሻላል፤ መረቁንና ቅቤውን መጥጦ ስለሚይዝ ሳህኑ ላይ የሚቀር ስብ የለም። ሽንኩርቱን በደንብ አድቅቃችሁ በዘይት አቁላሉ፤ ቲማቲምና እርድ ጨምሩ፤ ጥቂት ውኃ አፍስሱና ድርቆሹን ጨምሩ፤ በመጨረሻ አንድ እንቁላል ሰብራችሁ አዋህዱ። በርበሬ የለበትም። የቤቱ ሰው አሊጫ ካልወደደ የልጁ አስቀድሞ ይቀነስ፤ በርበሬው በኋላ ለትልልቆቹ ይጨመራል።

ሽሮ ለልጅ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ቀጥኖ ነው የሚሰጠው፤ የቀጠነ ሽሮ ደግሞ ግማሹ ውኃ ነው። ነጭ ሽሮ ወፈር አድርጋችሁ ሥሩና ሊወርድ ሲል አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ጨምሩበት። አንድ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ 95 ካሎሪ ገደማ አለው፤ የሽሮው ጣዕምም ብዙ አይለወጥም። ሾርባም እንደዚሁ ነው። ቀጭን የአትክልት ሾርባ ለጉንፋን ይጥማል፤ ለከሳ ልጅ ግን ሆድ መሙያ ነው። ከሾርባው ውስጥ ድንቹን፣ ካሮቱንና ሥጋውን አውጥታችሁ በቅቤ ፍጩለት፤ መረቁን እናንተ ጠጡ።

አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ የአቮካዶ ሩብና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አንድ ላይ ተፈጭቶ ዳቦ ላይ ሲቀባ፣ ዳቦውን ሳይጨምር 190 ካሎሪ ይደርሳል። አቮካዶ ከገበያ ጠንካራውን ገዝታችሁ ከሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልሉት፤ በሁለት በሦስት ቀን ይበስላል። ጭማቂ ቤት የምታዝዙለት ከሆነ የአቮካዶ ጭማቂውን ያለ ስኳር ሽሮፕ፣ ከወተት ጋር አሠሩለት፤ ትልቁን ብርጭቆ ሳይሆን ግማሹን፣ ከምሳ በፊት ሳይሆን በመክሰስ ሰዓት።

ወተቱም ይከብዳል። አንድ ኩባያ ወተት ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስቡ ያልወጣ የዱቄት ወተት መበጥበጥ 40 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። ስቡ የወጣለት ወተት ለትንሽ ልጅ አይሆንም። አጥሚት የምታፈሉ ከሆነ በዚህ ወተት አፍሉት፤ ፋፋም ቢሆን በውኃ ከሚዘጋጅ በወተት ቢዘጋጅ ይመረጣል።

ጉልበት ብቻውን ግን አይበቃም። በሳምንት ጥቂት ጊዜ በደንብ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ፣ አንዳንዴም ትንሽ ጉበት ይቅመስ፤ ምስር ሲሰጠው አጠገቡ ቲማቲም ወይም ብርቱካን ይኑር፤ ቫይታሚን ሲው ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ይረዳል።

ቅቤ ስትገዙ ሾላ ገበያም ሆነ መርካቶ ከምታውቁት ደንበኛ ግዙ። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ እንዳለ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ለልጅ የሚነጠረው ቅቤ ቅመሙ ቀለል ይበል፤ የበሰለና የሚከረፋ ቅቤ መራጭ ልጅን ከገበታ ያባርራል።

4. ጾም ሲገባ

ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። ይሁን እንጂ ቤቱ ሲጾም ማዕዱም አብሮ ይጾማል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ የቤቱ ድስት ለፍስክ አይነካም፣ ለአንድ ትንሽ ልጅ ብሎ ሌላ ምግብ የሚሠራ ሰው ይጠፋል። ልጁ የቤቱን ጾም ሳያውቀው ይጾማል፤ ክብደቱም የሚቀንሰው በዚህ ወቅት ነው።

መፍትሔው የልጁን ዕቃ መለየት ነው። አንዲት ትንሽ መጥበሻ፣ አንዲት ድስት፣ አንድ ማማሰያና አንድ ቢላዋ ለብቻ ይሁኑለት፤ ከዚያ በኋላ የጾም ዕቃ ነካ የሚል ጭቅጭቅ የለም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቅቤ አንጥራችሁ በጠርሙስ አስቀምጡ። እንቁላል ከመቀቀል በላይ ሥራ የለውም። ወተት ደግሞ በጾም ገዢው ስለሚቀንስ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ በቀላሉ ይገኛል።

የጾሙ ምግብ ራሱ ለልጁ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም በስብ የበለጸገ ነው። የሱፍ ፍትፍት አንዱ ነው። ሱፉ ለብ ለብ ተደርጎ ተቆልቶ፣ ተቀቅሎ፣ ተወቅጦና ተጠልሎ ሲወጣ ወተት ይመስላል፤ ለልጅ ወፈር አድርጋችሁ አውጡት፣ ቃሪያውን ተዉት። የተፈጨ ተልባም እንደዚሁ፤ ሳይፈጭ የተበላ ተልባ ግን እንደገባ ይወጣል። ሰሊጥ ተቆልቶ ተፈጭቶ ከማር ጋር ዳቦ ላይ ይቀባል። በረመዳን ቤቱ ቴምር አያጣምና ፍሬው ወጥቶ፣ ተከታትፎ ከእርጎ ጋር ይሰጥ፤ ከከረሜላ ሁሉ ይሻላል።

5. ከመራጩ ጋር መኖር

በአንድ ትሪ ዙሪያ ስንበላ ልጁ የበላው አይታይም። ታላላቆቹ እየጎረሱ ትሪው ሲያልቅ እሱም የበላ ይመስላል። የራሱን ትንሽ ሳህን ስጡት፤ ቁጭ የሚለው ግን ከቤተሰቡ ጋር ይሁን። ሳህኑ ላይ የምታደርጉት ከሚበላው ትንሽ አነስ ይበል። ጨርሶ «ጨምሩልኝ» ማለቱ ለእሱም ለእናንተም ደስ ይላል።

እናንተ የምትወስኑት ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ ነው። መብላትና አለመብላቱን፣ ምን ያህል እንደሚበላም ልጁ ይወስን። ይህን አምኖ መቀመጥ ለአበሻ ወላጅ ከባድ ነው፤ ጉርሻ የፍቅር ነውና አፍ ሲዘጋ እንቢ የተባለው ፍቅራችን ይመስለናል። በግድ የጎረሰ ልጅ ግን የሚማረው ማዕድ የጭንቅ ቦታ መሆኑን ነው። ስልክ እያሳዩ ማብላትም መፍትሔ አይሆንም፤ ካርቱኑ ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚጎርስ ልጅ ምን እንደበላም፣ መጥገቡንም አያውቅም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስጡትና ሳህኑን ያለ ቁጣ አንሱ። በበላውም ያለ ጭብጨባ።

አዲስ ምግብ ስታስለምዱ ከሚወደው አጠገብ በጣት የምትያዝ ትንሽ ቁራሽ አስቀምጡ። አንዳንድ ልጅ አንድን ምግብ ከመቀበሉ በፊት 10 ወይም 15 ጊዜ ማየትና መቅመስ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ቤት ግን በሦስተኛው «ይህን አይወድም» ብሎ ይተዋል። «ጎመኑን ከበላህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» አትበሉ፤ ከረሜላው ሽልማት፣ ጎመኑ ቅጣት ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቀኑን ከልጁ ጋር የምትውለው ሰው ከተስማማች ነው። ሞግዚቷ ወይም አያቱ ማንኪያ ይዛ ከሳሎን እስከ በረንዳ የምታሯሩጠው በክፋት አይደለም፤ ማታ ስትገቡ «ምን በላ?» ስትሉ የምትመልሰው እንዳታጣ ነው። ጥያቄውን ለውጡት። «ምን አቀረብሽለት? በስንት ሰዓት?» በሏት። ሰዓቱንና የሚጨመረውን የቅቤ ማንኪያ በወረቀት ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ አያት ከሆነች ደግሞ ወረቀቱ ይቅርና ከሐኪሙ አንደበት እንድትሰማው አብራችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዷት።

6. የመዋዕለ ሕፃናት ምሳ ዕቃ

የምሳ ዕቃ ሞልቶ ሄዶ ሞልቶ ይመለሳል። ልጆች ሲበሉ ያወራሉ፣ ጊዜው አጭር ነው፣ የቀዘቀዘ ፓስታም አይጥምም። ጥቂት፣ በእጅ የሚያዝ፣ ቀዝቅዞም የሚጥም ነገር ይሁን፦ ሁለት ጭኮና ሙዝ፤ የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፤ በወፍራሙ ከተጠበሰ እንቁላል የተቆረጠ ቁራጭ፤ ለምሳ ደግሞ በቅቤ የታሸ ጨጨብሳ ወይም የተፈጨ ሥጋ የገባበት ሩዝ። ለውዝ የምትልኩ ከሆነ ትምህርት ቤቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚቆጣው ልጅ ሊኖር ይችላል። ለራሳችሁ ልጅም ቢሆን ለውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰጡ በቤት፣ በቀን፣ በትንሹ ጀምሩ።

7. የማይሰጡ ነገሮች

ቡና ሲፈላ የሚቀርበው ቁርስ ለትንሽ ልጅ አደገኛ ነው። ቆሎ፣ ያልተፈጨ ለውዝና ፈንዲሻ የመተንፈሻ ቧንቧ ይዘጋሉ፤ አምስት ዓመት እስኪሞላው ሰሃኑ ከእጁ ይራቅ። የወይን ፍሬም ለአራት ተሰንጥቆ ነው የሚሰጠው። ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። ከጎረቤት ላም የሚመጣ ወተት ይፍላ። ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ለኮሶና ለሌላም በሽታ ያጋልጣሉና «ትንሽ ይቅመስ» የሚለውን አጎት በትሕትና እንቢ በሉት።

8. ከሕመም በኋላ

ልጅ የሚከሳው ብዙ ጊዜ በሕመም ነው። ተቅማጥ ሲይዘው ምግብ አትከልክሉት፤ ኦ.አር.ኤስ. እየጠጣ፣ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ዚንክ እየወሰደ፣ የሚቀለውን በትንሽ በትንሹ ይብላ። ሲሻለው ፍላጎቱ ይከፈታል፤ ያቺን ጊዜ አታሳልፏት። ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ ስጡት፣ ከሁሉም የሚወደውን።

ሚዛን ላይ በየቀኑ አታውጡት። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጅ በዓመት የሚጨምረው ሁለት ኪሎ አካባቢ ስለሆነ የሳምንት ለውጥ ምንም አይነግራችሁም። በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ ሚዛን፣ ቀለል ባለ ልብስ ይበቃል። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ መስመሩ ካልተነሣ የጻፋችሁትን የምግብ ዝርዝር ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።